ደረቅ እንጨት ያልተለቀመበት መንገድ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አቶ ክንፈ የሞተሩን ቁልፍ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሳይሰጠኝ ያዘው። የስርጭት ኃላፊያችን ነው። መጋዘናችን ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ መውጫ ላይ ነበር። ከዚያ ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭነን፣ መኪና ወደማይደርስባቸው ጤና ኬላዎች በሞተር እናደርሳለን። ነጂዎቹ አራት ወንዶች ነበሩ። አምስተኛዋ እኔ ሆንኩ።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አለኝ።

«አዎ።»

«ፈርተሽ ነው?»

«ፈርቼ ነው። ቁልፉን ይስጡኝ።»

ሰጠኝ። ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ጠጠሩ ላይ ስምንት ቁጥር ሠራሁ። ከዚያ የኋላ ፍሬኑን ረግጬ ልክ ከጫማው ፊት አቆምኩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ያን ቀን ደስ ያለኝ በዚያ ብቻ ነው።

ሞተር የተማርኩት ከባለቤቴ ነው። ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሞተር ጥገና ቤት ነበረው። እኔ ካንዴላ እጠርጋለሁ፣ ካቴና ዘይት እቀባለሁ፣ የተጠገነውንም እየነዳሁ እሞክራለሁ። ከጦርነቱ አልተመለሰም። ልጃችን ሰላም ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። እኔ ከአራተኛ አላለፍኩም። አባቴ የወሎ ሰው ስለነበር ፊደል የቆጠርኩት በአማርኛ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው በዚያው ነው። ስሳሳት ሰላም ታርመኛለች።

ጎረቤቶቼ «የልጅ እናት ሆነሽ በየዱሩ ትዞሪያለሽ?» ይሉኛል። ልጅ ስላለኝ አይደል እንዴ የምዞረው! ቤት ቁጭ ብል ማን ሊያስተምርልኝ ነው? ይህን እላቸዋለሁ። በማግስቱ ደግሞ ያንኑ ይጠይቁኛል።

ፍርሃቴን ግን አልደብቅም። ከፒስታው መንገድ ወጥቼ ወደ ቀጭኑ ጥርጊያ ስገባ ፍጥነቴን ቀንሼ መሬት መሬቱን አያለሁ። የምፈራው መውደቅን አይደለም። ስንቴ ወድቄያለሁ፤ ጉልበቴ ላይ ጠባሳው አለ። የምፈራው መሬቱን ነው። ጦርነት ባለፈበት ሁሉ ያልፈነዳ ነገር ቀርቷል፤ የት እንዳለም አይታወቅም። እኔ ከቀረሁ ደግሞ ሰላም ብቻዋን ናት።

ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። የዛሬ እበት ያላየሁበት መንገድ አልገባም። እርጥብ እበት ካለ ከብት ዛሬ በደኅና አልፏል ማለት ነው። የአህያ ፋንድያ ካለ ከኋላዋ ሰው ነበር። የፍየል በጠጥ ግን አላምነውም። ፍየል ቀላል ናት፣ የትም ትዘላለች።

ያየሁትን በደብተር እሥላለሁ። ጉብታ፣ ወንዝ፣ ትልቅ ዛፍ፣ የተቃጠለ መኪና። ከብት የሚያልፍበትን መንገድ ሁለት መስመር አደርገዋለሁ፤ የማላምነውን አንድ መስመር። ሰላም ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቦታውን ስም ትጽፍበታለች። ጠዋት ጠዋት «ዛሬ በየት ነው?» ትለኛለች። በጣቴ አሳያታለሁ። ሳላሳያት ወጥቼ አላውቅም።

ይህ ሕግ አንድ ጊዜ ጉድ ሠራኝ። ጊዜው በጋ ነበር። ከገደሉ ማዶ ወዳለው ጤና ኬላ ስሄድ መንገዱ ላይ አንድም እበት የለም። ፋንድያም የለም። መሬቱ የተጠረገ ይመስላል። ፈራሁና ዞርኩ። በወንዙ በኩል፣ በድንጋዩ ላይ ሞተሩን እየገፋሁ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። የሣጥኑ በረዶ ውኃ ሆኗል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሣችው። ሙቀት ሲነካው የምትጠቁረው ምልክት ጠቁራለች።

«ይሄማ አይሆንም» አለችኝ። «እናቶቹም ጠብቀው ጠብቀው ልጆቻቸውን አዝለው ሄዱ።»

አንዲት ሴት ብቻ ቀርታ ነበር። በየት እንደመጣሁና ለምን እንደዞርኩ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እበት? እበቱንማ እኛ በየጠዋቱ እየለቀምን ኩበት አደረግነው! ምን የምናነድ መሰለሽ?»

መንገዱ የጸዳው ሰው ስለጠፋበት አልነበረም፤ ሰው ስለበዛበት ነው። ኩበት ሳነድ ያደግሁ ሴት ይህን መዘንጋቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

አቶ ክንፈ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ነጂዎቹ ስም አወጡልኝ፤ ወይዘሮ እበት። ገና ግቢው ውስጥ ስገባ አንዱ «ወይዘሮ እበት፣ ዛሬስ ትኩስ ነው ወይስ ደረቅ?» ይላል። «ላንተ ትኩሱን አምጥቼልሃለሁ፣ ቅመሰው» እለዋለሁ። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ሕጌን ግን አልተውኩትም፤ አረምኩት እንጂ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከከብት ይልቅ የሴቶችን ሥራ አያለሁ። ሴት እንጨት የለቀመችበት፣ ሣር ያጨደችበት፣ ውኃ የቀዳችበት መሬት ላይ እነዳለሁ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከገደሉ ማዶ ወዳለው ጤና ኬላ የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦት አገኘነው። ቀሪው በወንዙ በኩል ያለው ረጅሙ ነው። አቶ ክንፈ ስልኩ ላይ ካርታ አሳየኝ። በአንድ የተከለለ ደን መሐል የምታልፍ ቀጭን መስመር አለች።

«በዚህ ከሄድሽ ግማሽ ቀን ታተርፊያለሽ» አለኝ።

ሄድኩ። ደኑ አፍ ላይ ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁ። መንገዱ አለ፤ ሰፊም ነው። ግን ከዛፎቹ ሥር ደረቅ እንጨት ወድቋል። በየቦታው፤ እጅ የሚያክል፣ ክንድ የሚያክል። በእኛ አገር ደረቅ እንጨት መሬት ላይ አያድርም። እነዚህ ግን ቅርፊታቸው እስኪላጥ ተኝተዋል። ማንም አላነሣቸውም። ዞሬ በወንዙ በኩል ሄድኩ። ክትባቱ አልተበላሸም፤ በረዶውን እጥፍ አድርጌ ይዤ ነበር።

በማግስቱ አቶ ክንፈ በነጂዎቹ ፊት ጠየቀኝ።

«ለምን በደኑ አልሄድሽም?»

«ፈራሁ።»

«ምን አይተሽ?»

«ደረቅ እንጨት።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «እበቱ ቀርቶ እንጨት ሆነ?» አለ። አቶ ክንፈ አልሳቀም።

«ስሚ፣ ይህ ሥራ ለፈሪ አይሆንም። ሰኞ ቁልፉን ለሌላ ሰው ታስረክቢያለሽ።»

የሰላም ፊት ታየኝ። ቢሆንም እንዲህ አልኩት፦ «አስረክባለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከኋላዬ ይቀመጡና መንገዱን በዐይንዎ ይዩት። ነው ወይስ እርስዎም ይፈራሉ?»

ነጂዎቹ ሁሉ እሱን ያዩታል። ምን ያድርግ? ሄልሜት አጠለቀ።

የቀረውን ክትባት ጭኜ ስለነበር ሣጥኑን መሐላችን አስቀመጥን። ኮረኮንቹ ላይ ወገቤን አጥብቆ ይዞ «ቀስ! ቀስ በይ እንጂ!» ይላል። ቀስ አላልኩም።

ደኑ አፍ ላይ ቆምኩ። ወርዶ ዙሪያውን አየና «ይሄው እኮ ነው! ከአስፋልት በምን ያንሳል?» አለ። ከዚያ «ጠብቂኝ» ብሎ ቀበቶውን እየፈታ ወደ ሣሩ ገባ።

«ይቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። «አይንቀሳቀሱ!»

ቆመ። «ምን ነካሽ ሴትዮ? ልሸና ነው!»

«እንጨቱን ይዩ።»

«የተከለለ ደን እኮ ነው። ጥበቃ አለው። መልቀም ክልክል ነው።»

«ጥበቃ ፈርታ እንጨት የተወች ሴት ያሳዩኝ። እሺ፣ ሣሩስ? ሣሩን አጭዶ መውሰድ ይፈቀዳል። ኅዳር ገብቶ እርስዎ ወገብ ድረስ ቆሟል። ከብቱ በረሃብ አጥንቱ እየታየ ይህን ሁሉ ሣር ለምን የተዉት ይመስልዎታል?»

በዚያው ቅጽበት ከላይ ከጉብታው የሴት ጩኸት መጣ። አንዲት አሮጊት ከሩቁ ተራራ የለቀሙትን እንጨት ተሸክመው ይወርዳሉ። «ውጽኡ! ውጽኡ!» ይላሉ፣ ውጡ ማለታቸው ነው። ሸክማቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ።

«ኣደይ፣ እናቴ፣ ምን አለ እዚህ?» አልኳቸው በትግርኛ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ እዚያ ማን ይገባል? በክረምት የጎረቤቴ በሬ ገብቶ ሲፈነዳ ሰምተናል። ሥጋውን እንኳ ደፍሮ ያነሣ የለም። ያውልሽ አጥንቱ።»

ከአቶ ክንፈ ፊት ለፊት፣ ሣሩ መሐል፣ ነጭ ነገር ይታያል። እኔም እሱም ድንጋይ መስሎን ነበር።

ፊቱ አመድ መሰለ። አንድ እግሩን አንሥቶ የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው።

«ይስሙኝ» አልኩት። «ሲገቡ የረገጡት ሣር ተኝቷል። በተኛው ላይ ብቻ ይርገጡ። አይቸኩሉ።»

ዘጠኝ እርምጃ ነበር። ቆጥሬለታለሁ። መንገዱ ላይ ሲደርስ አሮጊቷ ክንዱን ያዙትና «ወደይ፣ ልጄ፣ ቀበቶህን እሰር» አሉት። ሊሸና የወረደ ሰው ሳይሸና ሞተሩ ላይ ወጣ።

የአሮጊቷን እንጨት መልሼ አሸከምኳቸውና በወንዙ በኩል ወደ ጤና ኬላው ሄድን። ክትባቱን አስረከብን። ስንመለስ ከኋላዬ እንዲህ አለ፦

«ዛሬ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም።»

«ይንቀጠቀጣል። መሪውን ስለያዝኩ ነው የማይታይዎት።»

ሰኞ ጠዋት አንዱ ነጂ መዳፉን ዘርግቶ «ወይዘሮ እበት፣ ቁልፉን ወዲህ በይ» አለኝ። አቶ ክንፈ ከቢሮው ወጣ። «ቁልፉ የእሷ ነው» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ መንገድ የሚመርጠው ነጂው ነው። የእሷንም ደብተር ትገለብጣላችሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ደብተሩን አምጪው፣ ቢሮ ይቀመጥ» አለኝ።

«ደብተሩ የእኔና የልጄ ነው» አልኩ። «የሚገለብጥ እዚሁ ተቀምጦ ይገልብጥ።»

አራቱም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ገለበጡ። ደብተሩ ውስጥ ደኑ ባለበት ቦታ ላይ ሰላም የተጋደመ እንጨት ሥላ ነበር። ያችን ምልክት ዛሬም ሁላችንም እንጠቀምባታለን።

ማስጠንቀቂያው አሁንም ፋይሌ ውስጥ አለ። ይነሣልኝ ብዬ አልጠየቅኩም። የተበላሸው ክትባት የእኔ ጥፋት ነበር።

አዲስ ለምትገቡ ነጂዎች የምነግራችሁ ይህን ነው። መንገዱን ስልክ ላይ ብቻ አይታችሁ አትግቡ፤ በአካባቢው እንጨት የሚለቅሙትን ሴቶች ጠይቁ። ደረቅ እንጨት መሬት ላይ ከተኛ ተመለሱ። ፈራችሁ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ አዎ በሉት። እኔ እስካሁን እፈራለሁ። ነገ ጠዋትም በየት እንደምሄድ ለሰላም አሳይቻት እወጣለሁ።