ሚና ያለ እኔ የጨፈረችበት ቅዳሜ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ቡሪየን ከተማ በሚገኘው አፓርታማችን ውስጥ የነበርነው እኔና አክስቴ እትዬ ብርቄ ነን። ከመስኮታችን ማዶ በቆመ ታክሲ ውስጥ ጋሽ ተፈራና ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ነበሩ። ወይዘሮ አልማዝ ዘግይታ መጣች። ሚና ደግሞ በስልክ ነበረች። ሌላ ማንም አልነበረም፤ ሌላው ሰው የሚያወራው ከሰሚ የሰማውን ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጄ ስልክ ነው። ባለፈው ሳምንት ማውንት ቤከር ጣቢያ ባቡር እየጠበቅን ነበር። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቢሆንም ብቻዋን ባቡር አላሳፍራትም። ስልኳ ላይ አንድ የኮሪያ ሴቶች ዘፈን ከፈተች፦ አምስት ልጃገረዶች፣ ነጭ ክፍል፣ ባለ ቀለም ካልሲ። እግሬ ሳላዘው መሬቱን መታ።

«ማሚ፣ ይሄን ታውቂዋለሽ? ኢትስ ሶ ኦልድ!»

«አውቀዋለሁ» አልኳት። ባቡሩ መጣ፤ እኔም ማስረዳት አቃተኝ።

እዚህ አገር ስመጣ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ትምህርቴም ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም። አክስቴ ዋይት ሴንተር ውስጥ አንዲት ኮሪያዊት የከፈተችው የቴሪያኪ፣ የጣፋጭ ዶሮ ጥብስ፣ ቤት አስቀጠረችኝ። ሥራዬ ጥቅል ጎመን መክተፍና ሩዝ ማጠብ ነበር። የዝንጅብሉና የስኳሩ ሽታ ጸጉሬ ላይ ተጣብቆ አብሮኝ ወደ ቤት ይሄዳል። ከሒሳብ መቀበያው በላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ያ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ቃሉ አይገባኝም፤ እንቅስቃሴው ግን ይገባኛል። አንድ ቀን ጎመኑን እየከተፍኩ ስወዛወዝ የሱቁ ባለቤት ልጅ ሚና አየችኝ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች።

ሚና ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በሠፈሩ የበጋ ፌስቲቫል ላይ ያንን ዘፈን ልትጨፍር ተመዝግባ፣ አምስተኛ ሰው ጠፍቶባት ነበርና እኔን ጠራችኝ። ከሱቁ ጀርባ፣ አጥሩን በወረሰው የጥቁር እንጆሪ ቁጥቋጦ አጠገብ መለማመድ ጀመርን። ትከሻዬ ግን አልታዘዝ አለ፤ እነሱ በእጅ የሚሠሩትን እኔ በትከሻ እሠራዋለሁ። ሚና መጀመሪያ ተቆጣች፤ ኋላ ሳቀች።

«ተይው» አለችኝ፣ በቃልም በእጅም እያስረዳች። «መጨረሻው ላይ አራታችን ቀጥ ብለን እንቆማለን። አንቺ መሃል ትገቢና በትከሻሽ ትጨርሺዋለሽ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም መሃል ላይ አቁሞኝ አያውቅም። አክስቴ ስነግራት ከእኔ ብሳ ደስ አላት፤ ካልሲዎቹንም የገዛችልን እሷ ናት።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ተፈራ ታክሲያቸውን መንገድ ዳር አቁመው ጠሩኝ። አክስቴ በአባት ብቻ የምትገናኘው ታላቅ ወንድሟ አገር ቤት አርፏል። እኔ በእናቷ ወገን ስለሆንኩ ዘመዱ አይደለሁም፤ አይቼውም አላውቅም።

«ቅዳሜ ጠዋት መጥተን መርዶውን እንነግራታለን» አሉኝ። «በሥራ ቀን ብትሰማ ማን አብሯት ያለቅሳል? እስከዚያ ስልክ እንዳታነሳ፣ ቅዳሜም ከቤት እንዳትወጣ። አደራ።»

«ጋሽ ተፈራ፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ እኮ እጨፍራለሁ።»

«በጠዋት ነው የምንመጣው፤ ትደርሻለሽ።»

ቅዳሜ አክስቴ ጸጉሯን ተተኩሳ፣ ጉትቻዋን አድርጋ ቀደመችኝ። ልታየኝ ልትሄድ ነው! እኔ ስልኩ አጠገብ ተተከልኩ። በመስኮት ሳይ የጋሽ ተፈራ ታክሲ መጥቶ ቆሟል። ተመስገን አልኩ። ግን ማንም አልወረደም። መስታወቱ በትንፋሻቸው ላብ አውጥቶ፣ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ቆሻሻ ልጣል ብዬ ሮጥኩ።

«አልማዝ ከኤርፖርት ፈረቃዋ አልወጣችም» አሉኝ መስታወቱን ዝቅ አድርገው። «የልብ ጓደኛዋ በሌለችበት መርዶ አይነገርም።»

«ልጆቹ እኮ እየጠበቁኝ ነው!»

«አንቺ ልጅ፣ ሞትና ጭፈራ ታወዳድሪያለሽ?»

ወይዘሮ አስቴር ከወዲያኛው ወንበር ሙዝ ዘረጉልኝ። «ቁርስ በልተሻል የኔ ልጅ?»

ሙዙን ይዤ ተመለስኩ። አክስቴ በር ላይ ቆማለች።

«ምን ትንቀዋለያለሽ? እንሂድ እንጂ!»

«ሆዴን አሞኛል፣ እትዬ።»

«ፈርተሽ ነው! የሰው ልጆች ልታሳፍሪ!»

ስልኩ ጮኸ። ሚና ናት። አክስቴ ከጎኔ ሆና ምን ልበላት? «አይ ካንት» ብቻ አልኩ። አክስቴ ስልኩን ከእጄ ቀማችና በሙሉ ድምጿ «ሺ ኢዝ ካሚንግ! ፋይቭ ሚኒት! ዌይት!» ብላ ዘጋችው። ሚናም አመነቻት። አዘጋጆቹን ለምና የመጨረሻውን ተራ ያዘች።

ወይዘሮ አልማዝ ከነሥራ ልብሷ የደረሰችው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ሦስቱ ተከታትለው ሲገቡ አክስቴ ፊታቸውን አየች፤ ማንም ሳይናገር ገባትና ጮኸች። እኔም አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ለሟች ያለቀስኩ መሰለው።

የሚና እናት ልቅሶው ቤት ሩዝና ዶሮ ተሸክማ መጣች። ሚና አልመጣችም። ሥራ ስመለስ ለሚና የሆነውን በምችለው እንግሊዝኛ ነገርኳት።

«ሌሎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ እሷ ብቻ አታውቅም?» አለችኝ። «አንቺም ለዚህ ብለሽ ቤት ቀረሽ?»

«አዎ።»

«አራታችን ቀጥ ብለን ቆምን» አለች። «ሙዚቃው ሄደ። መሃሉ ላይ ማንም አልነበረም።»

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ብቻ ሆነ። በክረምቱ እናቷ ሱቁን ሸጠችና ሄዱ። አክስቴም ካርባው በኋላ «ወንድሜ ሞቶ ጨፍረሽ ብትመጪ እኔ በኀፍረት የት እገባ ነበር?» አለችኝ።

አሁን ሰው ሲያርፍ እኔን ነው የሚጠሩኝ፤ ጠንቃቃ ነች፣ ሚስጥር ትጠብቃለች ይሉኛል። አንድ ጊዜ ደፍሬ ለሐዘንተኛዋ ዛሬውኑ ለምን አይነገራትም ብል ነውር ነው ተባልኩ። ብቻውን ሆኖ መርዶ መስማት ከባድ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ግን መርዶውን ገና ባልሰማ ሰው ፊት ፈገግ እያሉ መቀመጡን፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ የሚጠብቅ ሰው መኖሩን ማን ይቁጠረው? ልጄ ብትጠይቀኝ ትክክሉ የቱ እንደሆነ አልነግራትም፤ አላውቀውም፤ አለማወቄም ያበሳጨኛል።

ሚና ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናለች። አንዳንዱ ታኮማ ናት ይላል፣ ሌላው ካሊፎርኒያ። እናቷ ዋይት ሴንተር ቴሪያኪ ቤት የነበራት ሚና የት እንዳለች፣ ደህና መሆኗን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።