በእኔ ስሌት ገና ያልተወለደች ልጅ

ትርሃስ በተወለደች በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ከንፈሯ ጠቆረ። ደረቷ አልተንቀሳቀሰም። አጠገቧ ቆሜ ነበር። አየሁ፤ ያየሁትን ግን አላመንኩም። ነርሷ ሲስተር ሰላም ከወዲያኛው አልጋ ፈጥና መጣች። የልጄን ውስጥ እግር በጣቷ ፈተገች፤ ጀርባዋን አሸች። ትርሃስ ተነፈሰች።

«አፕኒያ ይባላል» አለችኝ። «ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ልጆች አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ። እኛ እናስታውሳቸዋለን።»

ያን ቀን ሦስት ጊዜ ረሳች። ሦስቱንም ቆጥሬያለሁ። የሂሳብ መምህር ነኝና መቁጠር ይቀናኛል። በኋላ ጉድ የሠራኝም ይኸው መቁጠሬ ነው፤ ይህን የምጽፈውም እንደኔ የሚቆጥር ሌላ አባት አይጠፋም ብዬ ነው።

ትውልዴ እስቴ ነው። ሰቆጣ ለማስተማር ተመድቤ መጥቼ፣ አልጋነሽን አግብቼ እዚሁ ቀረሁ። መንታ መፀነሷን በአልትራሳውንድ ስናውቅ ደስታችን ልክ አልነበረውም። ምጡ ግን በሠላሳ አንደኛው ሳምንት መጣ፤ ዘጠኝ ሳምንት ቀድሞ። ወንዱ ኪሮስ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም መዘነ፤ ሴቷ ትርሃስ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ሃምሳ። ስትወለድ አላለቀሰችም። እንደ ማቃሰት ያለ ቀጭን ድምፅ ብቻ አወጣች።

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሠላሳ ስምንት ቀን ቆየን። ትርሃስ መጀመሪያ ሲፓፕ በሚባለው የመተንፈሻ መርጃ፣ ከዚያ በአሚኖፊሊን መድኃኒት ታገዘች። አልጋነሽ ገና የወሊድ ቁስሏ ሳይሽር በየሁለት ሰዓቱ ጡቷን እያለበች ወተቱን በቀጭን ቱቦ እንሰጣቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ ስትል አልሰማኋትም። ቀጥሎ የካንጋሮ እንክብካቤ መጣ፤ ሕፃኑን ራቁቱን ከደረት ጋር አስሮ ማሞቅ ማለት ነው። ልጆቹ ሁለት፣ እናታቸው አንድ ስለሆነች ትርሃስ ለእኔ ደረሰችኝ። ሸሚዙን ከፍቶ ሕፃን ደረቱ ላይ ያሰረ ወንድ ሰቆጣ ውስጥ በየቀኑ አይታይም። ሊጠይቁኝ የመጡ ተማሪዎቼ በመስኮት አይተውኝ በሳቅ ሲፈርሱ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ቀስ በቀስ ያንን ሙቀት ከደሞዝ ቀን በላይ መናፈቅ ጀመርኩ።

አማቴ እማማ ጥሩ ከሰሃላ መጥተው አብረውን ነበሩ። መኪና እስከሚያገኙ ድረስ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ተጉዘው ነው የደረሱት። እኔን በአማርኛ ያነጋግሩኛል፤ ልጆቹን ግን በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ብቻ ነው የሚያናግሯቸው። ምን እንደሚሏቸው አላውቅም። ትርሃስ ድምፃቸውን ስትሰማ ዓይኗን ትገልጥ ነበር።

ስንወጣ ዶክተሩ ሁለት ነገር ነገረን። የመጀመሪያው፦ «ፈገግታዋን፣ መቀመጧን፣ መዳኋን ስትጠብቁ ዕድሜዋን ልትወለድ ከሚገባት ቀን ቁጠሩ።» ሁለተኛው፦ «ክትባታቸው ግን በስድስት ሳምንት ነው። ኪሮስን ጤና ጣቢያ አስከትቡት። ትርሃስን እኛ ጋ አምጧት። ትንፋሿ ይቆም ስለነበር፣ ከክትባት በኋላ እንደዚያ ዓይነት ነገር አልፎ አልፎ ሊመለስ ይችላል። ሁለት ቀን አስተኝተን እናያታለን።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ሊመለስ ይችላል» የሚለውን ነው።

ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ስሌቴን ጀመርኩ። ዘጠኝ ሳምንት ስልሳ ሦስት ቀን ነው። ስድስት ሳምንት አርባ ሁለት ቀን። እንግዲህ ትርሃስ አርባ ሁለት ቀን ሲሞላት፣ በትክክለኛው ቁጥር ልትወለድ ገና ሃያ አንድ ቀን ይቀራታል። ያልተወለደ ልጅ ይከተባል ወይ? መቶ አምስተኛውን ቀን በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩት። ሁለት ኪሎ ያልሞላች ልጅ ናት፣ ትንሽ ሥጋ ትያዝ፣ ትጠንክር አልኩ። ዶክተሩ ለፈገግታ የሰጠኝን ቁጥር ወስጄ ለመርፌው አዋልኩት።

ኪሮስ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። በአርባ ሁለተኛው ቀን ከእማማ ጋር ወስደን አስከተብነው፤ በአንዱ ጭኑ የሳንባ ምች መከላከያው ፒሲቪ፣ በሌላው ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታቫለንት፣ በአፉም ጠብታ ተሰጠው። አምርሮ አለቀሰ፤ ማታ ትንሽ አተኮሰው፤ በማግስቱ ምንም አልነበረበትም።

«ትርሃስስ?» አለችኝ አልጋነሽ።

ስሌቴን አሳየኋት። ቀን መቁጠሪያው ላይ ያለውን ቀይ ክብ አየችው። «አንተ ካልክ» አለች።

በነጋታው ሲስተር ሰላም ስልክ ደወለች። ሥራዋ አልነበረም፤ ከእሷ ክፍል ወጥተናል። «መምህር፣ ትርሃስን ለምን አላመጣችኋትም?» አለችኝ። ለእሷ ስሌቴን ብነግራት በአንድ ቃል እንደምታፈርሰው ስላወቅሁ ሌላ ምክንያት ፈለግሁ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። «አማቴ አይፈቅዱም» አልኳት። «ሰማንያዋ ሳይሞላ ከቤት አትወጣም ብለዋል።» እማማ ጥሩ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። «ቤት መጥቼ ላስረዳቸው?» አለች። አይሆንም አልኩ።

በሃምሳኛው ቀን አካባቢ ቤታችን ጉንፋን ገባ። ማን እንዳመጣው አላውቅም። ስልሳ ተማሪ ከሚያስልበት ክፍል ውዬ የምገባው እኔ ነኝና ከራሴ አላልፍም። ኪሮስ አፍንጫው ፈሰሰ፤ አሳለ፤ ተወው።

ትርሃስን አልተዋትም።

በሃምሳ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ጡት አልይዝም አለች። የአፍንጫዋ ቀዳዳ በትንፋሿ ልክ ይከፈታል፣ ይከደናል። ልብሷን ገለጥነው። ከጎድን አጥንቷ በታች ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ቆጠርኩ። በደቂቃ ሰባ ስምንት። እንደገና ቆጠርኩ። ሰማንያ ሁለት።

እማማ ነጠላቸውን አገለደሙ። ልጅቷን ከእጄ ነጠቋት። «መቁጠሩን ተወውና ባጃጅ ጥራ» አሉኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ጣቷ ላይ ያሰሩት መሣሪያ ኦክስጅኗን ሰባ ዘጠኝ አለ። ከዘጠና በላይ መሆን ነበረበት። ዶክተሩ ደረቷን አዳመጠ። «የሳንባ ምች ነው። ከባድ ነው» አለ። ኦክስጅን ተሰካላት። አምፒሲሊንና ጄንታሚሲን ለሚባሉት መድኃኒቶች የሚሆን ደም ሥር ፈለጉ። በእጇ ጠፋ። በእግሯ ጠፋ። በጭንቅላቷ ላይ ተገኘ። አላለቀሰችም። አቅም አልነበራትም።

በእኔ ስሌት ገና ያልተወለደች ልጅ ሳንባዋ ታሞ ተኝታለች። ስልሳ ሦስተኛው ቀን፣ ልትወለድበት ይገባ የነበረው ቀን፣ ኦክስጅን ላይ እንዳለች አለፈ።

ሆስፒታል በገባን በሁለተኛው ቀን ዶክተሩን ጠይቄው ነበር። ተከትባ ቢሆን ይህ አይመጣም ነበር?

«እሱን ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግርህ አይችልም» አለኝ። «ሳንባ ምች በብዙ ነገር ይመጣል። ክትባቱ ከባዶቹን አንዳንዶቹን ነው የሚከላከለው፤ ትክትክንም ጨምሮ። አንድ ዙር ብቻውን ደግሞ አይበቃም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ከሁለቱ ማስቀደም የነበረብን ደካማዋን ነው።»

በሌላ አገር ከአንድ የጉንፋን ቫይረስ የሚጠብቅ፣ ለእንዲህ ዓይነት ሕፃናት የሚሰጥ ሌላ መርፌ እንዳለም ነገረኝ፤ እኛ ዘንድ አልነበረም። የነበረውን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።

ሲስተር ሰላም ያን ቀን ተራዋ ነበር። ኦክስጅኑን አስተካክላ ስትጨርስ ወደ እማማ ዞር ብላ በፈገግታ፣ ለመገሠጽ ሳይሆን ለመግባባት፣ «እማማ፣ ያኔ ሰማንያዋ ይሙላ ብለው ልጅቷን ያስቀሩብን እርስዎ ነዎት አሉ?» አለቻቸው።

መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር።

«እኔ? ምኑን ነው ያስቀረሁት?» አሉ እማማ። «ሰማንያው ለክርስትናዋ ነው። ለመርፌው ማን ጠይቆኝ?» ወደ እኔ አዩ። አንገቴን ደፋሁ። ነገሩ ገባቸው። «እኔ የሳል መርፌ እከለክላለሁ?» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ልጅ የወሰደብኝ ሳል ነው። ያን ጊዜ አለ ቢሉኝ ከሰሃላ ተሸክሜ በእግሬ አመጣቸው ነበር።»

አልጋነሽ ቀና አለች። ከእሷ በፊት የተወለዱ ሁለት ልጆች እንደ ሞቱ ታውቃለች፤ በምን እንደ ሞቱ ግን ሰምታ አታውቅም።

ውርጅብኝ ጠበቅሁ። ይገባኛልም። እማማ ግን ለሲስተር ሰላም፣ «ተዪው ልጄ፤ ፈርቶ ነው። ስትጠቁርበት አይቷል» ብለው የትርሃስን እግር መደባበስ ቀጠሉ። በስማቸው ዋሽቼ፣ መልሰው ለእኔ ጠበቃ ቆሙ። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። አልጋነሽ ግን ነገሩን እንደ እናቷ አላለፈችውም። ኮሪደር ላይ ስንወጣ፣ «ከእንግዲህ ቀኑን እኔ እቆጥራለሁ» አለችኝ። እስከ ዛሬ የምትቆጥረው እሷ ናት።

በሰባተኛው ቀን የደረቷ መሰርጎድ ቆመ፤ በዘጠነኛው ኦክስጅኑ ተነቀለና ጡቷን እንደ ድሮው፣ እንዲያውም ካለፈባት ሁሉ ልትካስ የፈለገች እስኪመስል ድረስ አጥብቃ መጥባት ጀመረች። ያኔ ዶክተሩ መጥቶ፣ «ከመውጣቷ በፊት እንከትባት። ሁለት ቀን እዚሁ እናያታለን» አለ። አልጋነሽ እኔን አላየችም። «እሺ» አለች።

ስልሳ ስድስተኛ ቀኗ ነበር። ትርሃስን ታቅፌ የያዝኳት እኔ ነኝ፤ ሲስተር ሰላም «አንተ ያዛት» ብላ ሆን ብላ ነው የሰጠችኝ። መርፌው ቀኝ ጭኗ ላይ ሲያርፍ ትርሃስ ፊቷን አጨማደደች፤ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ጮኸች። ስትወለድ ያላወጣችው፣ ራሷ ላይ ደም ሥር ሲፈለግ ያላወጣችው ድምፅ ነው። ክፍሉን ሞላው። ሌሎቹ እናቶች ዞረው አዩ። አልጋነሽ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ። ሲስተር ሰላምም፣ «አልቅሺ የኔ እመቤት፣ አልቅሺ፤ ሳንባሽ መኖሩን ይወቁልሽ» ትላት ነበር።

አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የፈራሁት ነገር መጣ። ትርሃስ አተኮሳት፤ እንቅልፍ ላይ ሳለች ትንፋሿ ቆመ። መሣሪያው ጮኸ። ሲስተር ሰላም መጥታ ውስጥ እግሯን በአንድ ጣቷ ነካችው። ትርሃስ ተነፈሰች። ያለቀው በጥቂት ሰከንድ ነው፤ አልተደገመም። ከመቶ አምስተኛው ቀን ጀርባ የተደበቅሁት አንዲት ጣት ልትመልሰው ከምትችል ነገር ሸሽቼ ነበር። ሁለት ቀን እንያት ያሉት ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ።

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ይዛችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ የምላችሁ ይህን ነው። ፍርሃታችሁ ውሸት አይደለም፤ ግን ፍርሃታችሁን ለራሳችሁ ሳይሆን ለሐኪሙ ንገሩት። ልጃችሁ በጨቅላነቱ ትንፋሹ ይቆም ከነበረ፣ ክትባቱ እንዲቀር ሳይሆን ከክትባቱ በኋላ በክትትል እንዲቆይ ጠይቁ። ቆይቶ ይጠንክር አትበሉ። የክትባቱን ቀን ስትቆጥሩ የተወለደበትን፣ የተነፈሰበትን ቀን አንድ ብላችሁ ጀምሩ። ልጁ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ከሰረጎደ ወይም ጡት እምቢ ካለ ደግሞ እንደኔ ሁለቴ አትቁጠሩ፤ ያዙትና ሂዱ። በአያቶችም አታሳብቡ፤ መጀመሪያ ጠይቋቸው።

ለሲስተር ሰላም ምስጋናዬን በቃል ነግሬያት አላውቅም። እነሆ ጻፍኩት። ትርሃስን ሁለት ጊዜ ወልዳልኛለች።

ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። በቀይ ያከበብኩት መቶ አምስተኛው ቀን ሲደርስ ሁለተኛውን ዙር ወስዳ ነበር። ሦስተኛውን ያስከተቧት እማማ ራሳቸው ናቸው። ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ የሁለቱንም ልጆች የክትባት ካርድ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ማንበብ አይችሉም፤ በካርዶቹ ላይ የተሞሉትን ሦስት ሦስት መስመሮች ግን በጣታቸው እየዳሰሱ አዩዋቸው።

«ሞሉ?» አሉኝ።

«ሞሉ እማማ። ሁለቱም ሞሉ።»

ካርዶቹን አንድ ላይ አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯቸው። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ሳል የወሰደባቸውን የሁለት ልጆቻቸውን ስም ነገሩን፤ መጀመሪያ የታላቁን፣ ቀጥሎ የታናሿን። አልጋነሽ የእህቷንና የወንድሟን ስም ስትሰማ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።