ግማሹን ብቻ የነገርኩት የድንቢጦች ወሬ

ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ባለው ቤቴ ቆርቆሮ ሥር ድንቢጦች ጎጆ ሠርተዋል። ጠዋት በሩን ስከፍት እርጥብ ጭድ ይሸተኛል። ትናንት ትንሿ ልጄ ሽቅብ እያየች፣ «እማዬ፣ አባታቸው የትኛው ነው?» ስትለኝ የልጅነቴ ድንቢጦች ትዝ አሉኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አንኮበር ዳገት ላይ ለብቻው የነበረው ቤታችን በመንደር ምሥረታ ፈርሶ፣ ከሰው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተን ሰፈርን። ከዚያ ወዲህ አባቴ እናቴን ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ እንኳ በዓይኑ ይከተላት ጀመር። ጎረቤታችን ቀልደኛ ነበር። ጡት የሚጠባውን ወንድሜን እያየ፣ «ይሄ ልጅ ሳቁ የኔን አይመስልም?» ይላል።

«እውነትህን ነው፣ ሁለታችሁም ጥርስ የላችሁም!» ትለዋለች እናቴ። ሁሉም ይስቃል፤ አባቴም ይስቅ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ወፍ የሚያጠና ተማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። በየቤቱ ክዳን ሥር ጎጆ የሠሩትን ድንቢጦች እያጠመደ እግራቸው ላይ ባለቀለም ቀለበት አስሮ ይለቃቸዋል። ጎጆአቸውን የማሳየው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «ራቅ ብላ ለብቻዋ ጎጆ የሠራችው ብዙ ጊዜ ከባሏ ሌላ አታውቅም። ተጠጋግተው ሲሠሩ ግን ወንዱ ሴቷን እግር በእግር ይጠብቃታል። ቢጠብቃትም አንዳንዱ ጫጩት የጎረቤት ይሆናል።»

ዕውቀት ይዤ የመጣሁ መስሎኝ ምሳ ላይ ተናገርኩት። አባቴ የያዘውን ቁራሽ መልሶ አስቀመጠ። ዓይኑ ወንድሜ ላይ ቀረ። እናቴ ቀና አላለችም።

ሦስት ቀን ሙሉ ልጁን አላቀፈውም። ጭንቅ ሲለኝ ተማሪው ዘንድ ሮጥኩ። «ወንዱስ የጎረቤቱን ጫጩት ምን ያደርገዋል?»

«ምን ያደርገዋል? ከራሱ ሳይለይ ያበላዋል እንጂ።»

እያለከለክሁ ተመልሼ ይህንንም ለአባቴ ነገርኩት። እሱም ወንድሜን ከእናቴ ጉያ ተቀብሎ፣ ዳቦ በወተት እያራሰ በጣቱ ያጎርሰው ጀመር። እኔማ ያበላሸሁትን ያቃናሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

እናቴ ግን ባዶ እጇን እያየች፣ «ይቅር አልከኝ ማለት ነው?» አለችው። «ምን አድርጌ?»

እሱ ዳቦውን በወተት ማራሱን ቀጠለ።

ድሮ ገብስ ስትፈጭ ታንጎራጉር ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ ያሉት ሴቶችም ይቀበሏት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ከቤታችን የሚሰማው የወፍጮው ድምፅ ብቻ ሆነ።