ዐሥራ ሁለተኛዋ ስትጠየቅ

ቬርና ሃውጌ ሃያ ሁለት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች። በዚያ ሁሉ የሞንታና በረዶ አንድም ልጅ መንገድ ላይ ጥላ ሄዳ አታውቅም። ምላሷንም የሚችለው የለም። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰው ተረባርቦ ዝም ያሰኛት፤ ያበገናትም ይኸው ነው።

ነገሩ የሽማግሌው የኦሪን ስሌተን ነው። ሚስቱ ካንሰር ይዟት እህል አልረጋላት ሲል ማስመለሱን እንዲያስታግስላት ጓሮው ውስጥ ሰባት እግር ማሪዋና ተከለላት። "አዎ፣ ተክያለሁ" ብሎ አመነ። ሕጉ የተከለ ሁሉ ወህኒ ይውረድ ይላል፤ ለምን ተከልክ ብሎ አይጠይቅም። ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ደግሞ ከአገሬው በዕጣ የተጠሩ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ካልተስማሙ ፍርድ የለም። ዐሥራ ሁለተኛዋ ቬርና ነች።

ለመምከር ዘግተው እንደተቀመጡ ለዳኛው በወረቀት ጻፈች፦ "ሕጉ ራሱ ግፍ ከሆነስ? ነጻ ልንለው እንችላለን?"

መልሱ አንዲት መስመር ነበር፦ "ሕጉን እኔ እንደነገርኳችሁ ተቀበሉ።"

"አየሽ?" አለ ሰብሳቢያቸው ክላይድ፣ መኪና ሻጩ። "በቃ ልባችንን አታውልቂው። ነገ ዓሣ ላጠምድ ነው።"

"ለዓሣህ ብለህ ሰው ታሳስራለህ?"

"እኔ ነኝ እንዴ? ሕጉ ነው!"

"ሕጉ እጅ የለው! እጁ ያንተ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!"

ሁሉም ጮኹባት። ከሰዓቱን ሙሉ ሲነዘንዟት ውለው፣ በመጨረሻ ጥርሷን ነክሳ እንደነሱ ጥፋተኛ ነው ለማለት እጇን አነሳች። ራሷን ጠላች።

ችሎት ተመለሱ። የኦሪን ሚስት መላጣ ራሷን በሻሽ ሸፍና ከፊት ተቀምጣለች። ክላይድ "ጥፋተኛ ነው" ብሎ አነበበ። የኦሪን ጠበቃ እንደ ደንቡ እያንዳንዳቸው ይጠየቁልኝ አለ። ጸሐፊዋ በየተራ "ይህ ፍርድ የእርስዎ ነው?" ትላለች፤ እነሱም "አዎ፣ አዎ" ይላሉ።

ቬርና ይኼኔ ነው የገባት። ዳኛው አትችሉም አላለም! የጠየቀችውን ሳይመልስ ዘለለው። ወንበሩን ማን ቀደደው ስትላቸው "እኛ ዝም ብለን ተቀምጠን ነበር" የሚሏት የአውቶቡሷ ልጆች እንኳ ከሱ ይሻላሉ። ደሟ ፈላ።

"ይህ ፍርድ የእርስዎ ነው?"

"አይደለም!"

ዳኛው ፊቱ ቀላ፤ ለምን ብሎ እንዲጠይቃት ግን ሕጉ አይፈቅድለትም። ተመልሳችሁ ምከሩ ብሎ ሰደዳቸው።

በሩ እንደተዘጋ ክላይድ አፈጠጠባት። "እጅሽን አላነሳሽም ነበር?"

"አንስቼ ነበር፣ አፈርኩበት። አሁን እዚሁ እናድራለን። ዓሣህን እርሳው" አለችና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። "እኔ ሰው ጥዬ አልነዳም።"