በንጉሡ ሠ የተጻፈችው

ሰዉ ሁሉ «እትዬ ሰም» ነበር የሚላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሆስፒታሉ የናሙና ክፍል ሰም ስታቀልጥ፣ ሰም ስታፈስ፣ ሰም ስትቆርጥ የኖረች ሴት ሌላ ምን ትባል? ሐኪሞቹ ከሰው ገላ ቆርጠው ያወጡትን ይልኩላታል። እሷ በአልኮል አጥባ ሰም ውስጥ ትቀብረዋለች፤ ከዚያ ሰሙ ሲረጋ የምትወጣዋን፣ የክብሪት ቀፎ የምታክለዋን ጥርብ በመቁረጫው መኪና ትገሸልጣታለች። የተገሸለጠው ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ለብ ባለ ውሃ ላይ አንሳፍፋ በመስታወት ትቀልበዋለች። ያን ጊዜ አጠገቧ ቆሞ የተነፈሰ ሰው ወዮለት! የክፍል ኃላፊም ቢሆን «ትንፋሽህን ይዘህ ውጣልኝ!» ትለዋለች። ቀልደኞቹ «ሰሙስ አንቺ ጋ ነው፣ ወርቁ የት ሄደ?» ሲሏት «ወርቁ እኔ ነኝ፣ ዓይን ካላችሁ» ብላ አፋቸውን ታስይዛቸዋለች።

ፀጉሯ ውስጥ ሁልጊዜ እርሳስ ተሰክቷል። በጥርብ ላይ ስም የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ ቀለም አልኮል ሲነካው ድራሹ ይጠፋል። ይህን ያስተማራት ጋሼ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና የክፍሉ የድሮ ሐኪም። ጋሼ በሁለት ነገር አይታማም፣ በማይክሮስኮፕና በፊደል። የሰው ጥፋት ይቅር ይላል፤ የፊደል ስህተት ካየ ግን ምሳው አይወርድለትም። «ሠ እና ሰ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አንድ ናቸው? መንታ ልጆች ካሉሽ ሁለቱንም በአንድ ስም ትጠሪያለሽ?» እያለ የሰውን ወረቀት በቀይ ያርም ነበር። መዝገቡም መሳቢያውም በፊደል ተራ ነበር፤ ንጉሡ ሠ ለብቻዋ፣ እሳቱ ሰ ለብቻዋ።

ያን ጊዜ አሁንም ይናፍቃታል። የሚንቋቋው የእንጨት ወለል፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚያገኛቸው የመስኮት ላይ ጠርሙሶች፣ ጋሼ በማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅሮ በጥርሱ መሀል የሚያፏጨው ያ መጨረሻው የማይታወቅ ዜማ። ክፍሉ የተዛወረበት አዲሱ ሕንፃ አሳንሰር አለው፣ ኮምፒውተር አለው። የሚያፏጭ ሰው ግን የለውም፤ ይህ ነው የሚያናድዳት።

ጡረታ ልትወጣ አንድ ወር ሲቀራት ነው እንግዲህ ልብስ ሰፊዋ የመጣችው። ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወልቅ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጇን አስከትላ፣ ከምታክማት ዶክተር ጋር የናሙና መቀበያው መስኮት ላይ ቆመች። እትዬ ሰም ፊቷን አየት፣ ሜትሩን አየት አደረገችና፦

«ውይ! አንቺ ያቺ ተሳዳቢዋ አይደለሽም?» አለቻት።

«እኔው ነኝ፣ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ ስቃ። «አልሞትኩም።»

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ገና ሙሽራ ነበረች። አንደኛው የእንቁላል ማምረቻዋ ላይ ዕጢ ወጥቶባት ተቆርጦ ሲወጣ፣ ከአልጋዋ እንደተነሳች ሆዷን ይዛ እያነከሰች ወደዚሁ ክፍል መጣችና «ከእኔ ያወጣችሁትን አሳዩኝ፤ የራሴ ዕቃ ነው» አለች። ማሳየት ክልክል ነበር። እትዬ ሰም «ሌላ ጊዜ» ብላ መለሰቻት። እሷም ጥሩ አድርጋ ሰድባት ሄደች። ከዚያ በቀረችው በአንዷ ማምረቻ ይህችን ልጅ ወለደች፤ ከመውለድም አልፋ አሳድጋ ለወግ አበቃቻት።

አሁን ሆዷ ውስጥ ሌላ ዕጢ ተገኝቷል። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ደም ብቻ ሆኖ ለምርመራ አልበቃም፤ የድሮ ካርዷም ቤት ስትቀይር ጠፍቷል። ዶክተሯ ነገሩን ከሥሩ አስረዳች፦ የድሮው ዕጢ አንድ ብርቅ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፤ ይህ ዓይነቱ ሃያ ዓመትም ሠላሳ ዓመትም አድፍጦ ይመለሳል። እንዲያ ከሆነ ከኬሞ በፊት ቀዶ ጥገናው ይቀድማል። ሌላ ብርቅ ዓይነት ደግሞ አለ፤ እሱ በዘር ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድበት ጊዜ አለ። የቱ እንደሆነ የሚናገረው የድሮው ጥርብ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ልጇን ውሃ አምጪልኝ ብላ ላከችና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «ለእኔስ ግድ የለም፣ እትዬ። ሃያ ሁለት ዓመት ተመርቆልኛል። ልጄ ግን ስልኳ ላይ ምን እንዳነበበች እንጃ፣ እንቅልፍ የላትም። ያወረስኳት እንደሆነ ልወቀው። ካላወረስኳትም ትወቀው። ያንን ጥርብ ፈልጊልኝ።»

«እኔ ጋ የገባ ጥርብ ጠፍቶ አያውቅም» አለች እትዬ ሰም። አፏን ሞልታ ነው ያለችው።

እውነትም በዚህ ነው የምትኮራው። የመዝገብ ኃላፊው ግን ኮምፒውተሩን ጎርጉሮ፣ ጎርጉሮ «የለም» አላት። «እሳቱ ሰ ውስጥ በዚህ ስም ማንም የለም። ሕንፃ ስንቀይር ወድቆ ይሆናላ። ሃያ ሁለት ዓመት እኮ ነው፣ ማን ያስቀምጣል?»

«እኔ!» ብላ ጮኸችበት።

ሁለት ቀን ሙሉ የእሳቱን ሰ መሳቢያዎች አንድ በአንድ አገላበጠች። ጉልበቷ አበጠ፣ ጣቷ በሰም ነጣ። የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ በመጨረሻዬ ላይ ልዋረድ ነው ስትል አሰበች፤ ከዚያ ደግሞ የእኔ ውርደት ምኑ ነው፣ የዚያች ልጅ እንቅልፍ ነው እንጂ ስትል በራሷ አፈረች።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሯ መጥታ ተስፋ መቁረጡ እንደሚሻል ነገረቻት። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ነበረች፤ ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ ግን የዘረመል ለውጥ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ዶክተሯ እንዲገባት ብላ «የፊደል ስህተት በዪው» አለቻት። «ሰውነታችን የሚሠራበት ረጅም ጽሑፍ አለ። እናትሽ ላይ በምንጠረጥረው ዓይነት ውስጥ አንዲት ፊደል በሌላ ተተክታ ትገኛለች። አንዲት ብቻ።»

እትዬ ሰም ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ውይ ጋሼ! ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ!»

ትዝ አላት! ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ የተሳደበችው እሷን ብቻ አልነበረም። ጋሼ ከውስጥ ብቅ ብሎ የላቦራቶሪ ወረቀቷን በቀይ እያረመ «ስምሽ በንጉሡ ሠ ነው መጻፍ ያለበት» ብሏት ነበር። እሷም «አባቴ በእሳቱ ያወጣልኝን ስም እርስዎ ሊያርሙት ነው?» ብላ ጮኻበታለች። ጋሼ ምን ገዶት! በንጉሡ አስመዘገባት።

ጋሼ ካረፈ በኋላ ደግሞ ያንን ልዩነት የሚጠብቅ ጠፋ፤ ሁሉም ሰ ሆነ። የንጉሡ ሠ መሳቢያ ትንሽ ነበረች። ሕንፃ ሲቀየር «ባዶ ናት» ተብላ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳትመዘገብ፣ የድሮው ሕንፃ ምድር ቤት ከተሰባበሩ ወንበሮች ጀርባ ተወረወረች። እትዬ ሰም ራሷ ረስታታለች። ሰው እንዴት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራበትን ቤት አንድ ጥግ ይረሳል?

ወንበሮቹን እሷና ልጅቷ ናቸው ያነሱት። መሳቢያዋ ስትከፈት ያ የድሮ የሰም ሽታ ወጣ። ሰባት ጥርቦች ነበሩ። በአምስተኛዋ ላይ፣ በራሷ በእትዬ ሰም እርሳስ፣ ትናንት እንደተጻፈ ሁሉ ሳይደበዝዝ የልብስ ሰፊዋ ስም በንጉሡ ሠ ተቀምጧል። እትዬ ሰም አቧራው ላይ ዘፍ አለችና አለቀሰች። ለጋሼ ይሁን፣ ለልጅቷ ይሁን፣ ለዚያ ለሚንቋቋው ወለል ይሁን አላወቀችውም። ልጅቷም አብራት አለቀሰች።

ጥርቧን ማንም እንዲነካ አልፈቀደችም። ራሷ ቆረጠቻት፣ ትንፋሿን ይዛ። ለዘረመል ምርመራው ከዚያች ጥርብና ከልብስ ሰፊዋ ደም ተላከ፤ ሁለት ሳምንት ተጠበቀ። እነዚያን ሁለት ሳምንታት ልጅቷ በየቀኑ መስኮቱ ላይ ትመጣና ቆማ ትሄዳለች። በኋላ እትዬ ሰም በርጩማ አቀበለቻት።

ውጤቱ መጣ፤ ዓይነቱ ዶክተሯ የጠረጠረችው፣ ቀዶ ጥገና የሚቀድመው ነው። ያቺ የተለወጠች ፊደል ዕጢው ውስጥ አለች፤ ደሙ ውስጥ የለችም። እዚያው ዕጢው ውስጥ የተፈጠረች ስህተት እንጂ ከዘር የመጣች አይደለችም። ልጅቷ ይህን ስትሰማ እናቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ፣ ሜትሩን ሳይቀር ጨምድዳ ያዘቻት። ልብስ ሰፊዋ «አንቂኝ እንግዲህ፣ ከዕጢው ካመለጥኩ አንቺ ግደዪኝ!» አለች።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ቀን ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን መጣች። እትዬ ሰም በሩን ከፍታ አስገባቻትና ከድሮዋ ጥርብ የተቆረጠውን መስታወት ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጋ ፊቱ አስቀመጠቻት። «ሌላ ጊዜ ብዬሽ አልነበር?» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ዓይኗን ጨፍና ለረጅም ጊዜ አየች። «የሸሚዝ ቁልፍ ይመስላሉ» አለች። «መሀላቸው ስንጥቅ ያለበት ትንንሽ ቁልፍ። እንዲህ ያምራሉ እንዴ እርጉሞቹ!»

«ነገ የሚወጣውን በየትኛው ልጻፍልሽ?» አለች እትዬ ሰም። «በአባትሽ ሰ ላርመው?»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ሳትል አሰበች። «ተይው፣ በንጉሡ ይሁን። ከመጀመሪያው ጋር አስቀምጪው። ሦስተኛ ጊዜ ከመጣ ልጄ የት እንደምትፈልገው ታውቃለች።»

እትዬ ሰም ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለፈ፤ አዲሱ ጥርብ ተሠርቶ የደረሰው በእትዬ ሰም የመጨረሻ የሥራ ቀን ነበር። ለስንብት የመጡትን ሰዎች ውጭ አቁማ ስሙን በእርሳስ ጻፈች፣ በንጉሡ ሠ፣ ጋሼ እንደሚወደው የፊደሏን እግሮች አስተካክላ። ወደ ክፍሏ ያስመለሰቻትን ትንሿን መሳቢያ ከፍታ አዲሱን ከድሮው ጎን አስቀመጠችው። ከሁለቱ አጠገብ ለሦስተኛ የሚሆን ቦታ ቀርቶ ነበር። እርሳሷን ከፀጉሯ ነቀለችና እዚያ ቦታ ላይ አጋደመችው።