አጎቴ ዝናብ ላይ የሚቆሙበት ቦታ

አጎቴ ካረፉ ይህ የመጀመሪያው ክረምት ነው። ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ ቤት ሲገባ፣ እሳቸው በርኖሳቸውን ደርበው ማሳው ራስጌ ይቆሙ ነበር። ፈሰስ የምንለውን የጎርፍ መውረጃ የሚያወጡት ውሃው ወዴት እንደሚያዘነብል አይተው ነበር።

ይህን ያጸናባቸው አሊዩ አምባ ገበያ ከአንድ ዐረብ ነጋዴ የሰሙት ወሬ ነው። ጥንት በቻይና አንድ ሽማግሌ ሊቅ የቤተ መንግሥት ነገር ሰልችቷቸው በበሬ ተቀምጠው ሲሰደዱ፣ የኬላው ጠባቂ “ጥበብዎን ሳይጽፉልኝ አያልፉም” አላቸው። እሳቸውም ሰማይና ምድር የሚሄዱበት መንገድ እንዳለ፣ ሰውም ሳይታገል ቢከተለው እንደሚሻለው ጻፉ። ውሃ ዝቅ ብሎ እየሄደ ድንጋይ ይቦረቡራልና።

ጎረቤታችን ቄስ “ይህ የአረመኔ ትምህርት ነው!” ቢሏቸው፣ አጎቴ “አባ፣ ውሃው ቁልቁል መውረድን ከአረመኔ ተምሮ ነው?” አሏቸው። ቄሱም ሳቁ።

ሰኞ ጎርፍ መጣ። የባሌ ወንድም ድንጋይ ተሸክሞ “እትዬ፣ ቶሎ እንገድበው እንጂ!” አለኝ። አምና አጎቴ ታመው ሳሉ በፍርሃት ገድቤ፣ ግድቡ ፈርሶ ጎርፉ ግማሹን ገብስ ወስዶብኛል። ለልጆቼ ከዚህ ማሳ ሌላ የለኝም።

“ድንጋዩን አስቀምጠው” አልኩት። የአጎቴ ቦታ ባዶ ነበር፤ ሄጄ ቆምኩበት። ውሃው ወደ ግራ ሲያዘነብል አየሁ፤ በዶማ ፈሰስ እየቆፈርኩ ተከተልኩት።

ገብሱ ቆሟል። ነገም ከዘነበ እወጣለሁ።