ከአሚናት አልጋ በላይ የተሰቀለው አምፖል

ሀምዱ የጤና ጣቢያውን ጄኔሬተር ከማጥፋቱ በፊት የሚያሰማት ጥሪ ነበረችው። በየመኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ «አልጋችሁን ያዙ፣ ላጠፋ ነው!» ይላል። ክኒኑን ያልዋጠ ይውጣል፣ አስታማሚዋ ጫማዋን በእግሯ ትፈልጋለች፣ ደጅ የወጣ እየሮጠ ይገባል። ከዚያ ወደ ጓሮ ወርዶ ሞተሩን ያጠፋል፤ ጤና ጣቢያውም ከታች ካለው ሐይቅ ጋር አብሮ ይጨልማል። ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ዝም ብሎ አጥፍቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እሱ ግን አንዲት አራስ በጨለማ ተደናቅፋ ከወደቀች ወዲህ ሳይናገር አጥፍቶ አያውቅም። በሽተኞቹም ለምደውት «ሙአዚናችን መጣ» እያሉ ያሾፉበታል። እሱም ይስቃል፤ ያኔ ይስቅ ነበር።

የተወለደው አምባሰል ነው፣ ከውጫሌ ወዲያ ካለ ገጠር። የመብራት ሥራ የተማረው ኮምቦልቻ፣ በጣሊያን ጊዜ ሞተር መጠገን ከለመደ አንድ ነጭናጫ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ሽቦ በእጅ መዳፍ የነካ ተማሪ ካየ በፒንሳ ጀርባ ጣቱን ይመታ ነበር፤ ኤሌክትሪክ የያዘው መዳፍ ይጨብጣል፣ የጨበጠ ደግሞ አይለቅም። ሀምዱ ይቺን ትምህርት እንደ ፋቲሃ በቃሉ ይዟት ነው ሐይቅ ከተማ የመጣው። ጤና ጣቢያው የተቃጠለ ፊውዝ የሚቀይርለት፣ የመርፌ መቀቀያውን የሚጠግንለት፣ በክረምት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዝናብ የገባበትን ሽቦ የሚያደርቅለት ሰው ይፈልግ ነበርና ቀጠረው። አሚናትን አገባ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። ሴቶቹ ተድረው ሄዱ። ወንዱን፣ ሰላሀዲንን፣ ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አሚናት ታመመች። እግሯ አበጠ፤ ከጓሮ ውሃ ይዛ እስክትመለስ ትንፋሿ ይቆረጥ ጀመር። ደሴ ወስደዋት፣ ሐኪሞቹ ልቧ ደክሟል፣ ትተኛ፣ መድኃኒቷን ትውሰድ፣ ከሁሉ በላይ ድንጋጤ እንዳይነካት ብለው መለሷት። ባሏ በሚሠራበት ጤና ጣቢያ፣ በሴቶቹ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ያለውን አልጋ ሰጧት። ጠያቂ አልጠፋባትም። እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፤ «አላህ ያሽርሽ»፣ «እግዜር ይማርሽ» ይላል፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ነገር ይጠይቃል፣ «ሰላሀዲን ጻፈ ወይ?» የታመመች እናት ስለ ልጇ ስትጠየቅ ፊቷ ይበራል፣ ስለዚህ የመጣ ደብዳቤ ባይኖርም ይጠየቃል። አሚናትም፣ «ይጽፋል፣ ኢንሻ አላህ» ትላለች።

አንድ ቀን ሀምዱ የሱብሂ ሶላት ሰግዶ ከመስጊድ ሲወጣ፣ ጎረቤቱን አቶ አሻግሬን በር ላይ ቆመው አገኛቸው። አቶ አሻግሬ ክርስቲያን ናቸው፤ በዚያ ሰዓት በመስጊድ በር የሚያቆማቸው ጉዳይ የለም። ከኋላው ደግሞ የመስጊዱ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ትከሻውን ያዙት። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሁሉ ሰማ፣ ግን ሳይናገሩም ገብቶት ነበር። እግሩ የተቆረጠ አንድ የውጫሌ ልጅ ከግንባር ተመልሶ፣ ሰላሀዲንን በእጁ እንደቀበረው ተናግሯል። ከመንግሥት የመጣ ወረቀት የለም። ያን ጊዜ ወረቀት እስኪመጣ የሞተው አልሞተም፤ ቀበሌም ለቅሶ ሲሰማ ግንባሩን ይቋጥር ነበር።

«ላያስችል አይሰጥም፣ ሀምዱ» አሉት አቶ አሻግሬ።

«አሚናትስ?» አለ።

«አሚናት እስክትሽር ሆድ ይፍጀው» አሉ ሼሁ። «ልቧን ታውቀዋለህ። ዛሬ ብትሰማ ሁለት ቀብር ነው። አንተም አታልቅስ፤ ዐይንህን ካየች ታውቃለች። ስትድን በወጉ፣ በማለዳ፣ ቤታችሁ መጥተን እንነግራታለን። አብሽር።»

መርዶ ግማሽ የለውም፤ የዚያን ቀን ግን ለአባት ተነግሮ ከእናት ተደበቀ። ወሬው እስከ ረፋድ ከተማውን አዳረሰ። ሰው ሁሉ ለአሚናት ሲል አፉን ያዘ። ልጅ ሞቶበት ቤቱ ድንኳን ያልተጣለለት፣ አንድ ሰው እንኳ «አላህ ያጽናህ» ያላለው ሀምዱ፣ የመብራት መሞከሪያ ተስተሩን ኪሱ ከቶ ሥራ ገባ። የመርፌ መቀቀያው ሶኬት ላልቶ ነበርና አጠበቀው።

አለቅሳለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር። አላለቀሰም። ለማልቀስ የሚሆን ነገር ከውስጡ ተነቅሎ የተወሰደ መሰለው። ይበላል፣ ጣዕሙን አያውቀውም። ሰው ያናግረዋል፣ ይመልሳል፤ ምን እንደመለሰ አያስታውስም። አንድ ቀን መሰላል ላይ ሆኖ ያላጠፋውን መስመር በመዳፉ ነካ፤ ነዝሮ ያዘው፤ ከመሰላሉ ሲወድቅ ነው የለቀቀው። ነርሷ ተሾመች ሮጣ መጥታ አነሳችው።

«አንተ፣ ምን ነካህ? ክንድህን አላመመህም?»

«አላመመኝም» አለ፤ እውነቱን ነው። ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና መሰላሉን መልሶ አቆመ። ተሾመች ግን ለአሚናት አልነገረቻትም።

አንድ ነገር ብቻ ያስፈራው ነበር፤ ጨለማው። ቀን ቀን ጠያቂ አለ፣ ጫጫታ አለ። ጄኔሬተሩ ከጠፋ በኋላ ግን አሚናት ብቻዋን ዐይኗን ከፍታ ትተኛለች። ጨለማ ሐሳብ ያመጣል፤ ሐሳብ ደግሞ ወደ ልጇ ይወስዳታል። ልቧ ባንዲት መጥፎ ሐሳብ ቀጥ ብትልስ? ስለዚህ ተበላሽታ ጓሮ ከቆመችው የክትባት መኪና ባትሪ አወጣ፣ ከጄኔሬተሩ ሞላው፣ ሽቦ በግድግዳው ላይ ዘርግቶ ከአልጋዋ በላይ አንድ ትንሽ የመኪና አምፖል ሰቀለላት። ሌሎቹ በሽተኞች፣ «የሀምዱ ሚስት መሆን ነበር!» እያሉ ቀለዱ። አሚናት ቀና ብላ አየችውና፣ «አላህ ይስጥህ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ባሰባት። ፊቷ አበጠ፣ ምግብ አልወርድ አላት፣ ሌሊት እንቅልፍ በዐይኗ አልዞር አለ። ተሾመች፣ «ደህና እየሆነችልን ነበር፤ ሰሞኑን ምን እንዳገኛት እንጃ» አለችው። ሀምዱ ሲያስብ ዋለና በሙያው መልስ አገኘላት፤ መብራቱ ደክሞ ነው፣ ጥላው ያስፈራታል። ከመኪናይቱ የፊት መብራት ትልቁን አምፖል ፈታ።

ሲቀይረው ቀን ነበር። ጠያቂ ሄዷል፣ የጎረቤት አልጋዎቹ ሴቶች ፀሐይ ለመሞቅ ወጥተዋል። አምፖሉን አስሮ አበራው። አልጋው፣ ግድግዳው፣ የአሚናት ፊት አንድ ሳይቀር በራ።

«ሀምዱ» አለች፣ «ይችን መብራት አንሳልኝ።»

«ምነው፣ ዐይንሽን ወጋሽ?»

«ማልቀሻ አሳጣችኝ።»

እጁ አምፖሉ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሰው ሁሉ ሰላሀዲን ጻፈ ወይ ማለቱን ተወ» አለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። «ባንድ ቀን ነው የተዉት። ስለ እግሬ ይጠይቁኛል፣ ስለ ዝናቡ ያወሩኛል፣ ስሙን የሚያነሳ የለም። አንተም ስሙን ተውክ። የሞተ እንጂ የራቀ ሰው ስሙ እንዲህ አይቀርም። ማታ ማታ አልጋችሁን ያዙ ስትል ጥርሴን ነክሼ እጠብቅሃለሁ። ሲጨልም አለቅሳለሁ። አንተ አታየኝ፣ ተሾመች አታየኝ፣ ሲወጣልኝ ይቀለኛል፤ ትንሽም እተኛለሁ። ይችን ከሰቀልክ ወዲህ ግን ሌሊቱም ቀን ሆነብኝ።»

«ልብሽ...» አለ።

«ልቤ የሚፈራው ድንጋጤ ነው። እኔ አልደነገጥኩም፣ ቀስ እያልኩ ነው ያወቅሁት።»

«ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወድቀህብኝስ? አንተ የቆምከው እኔን ልታቆም ነው። አወቅሁ ብልህ ለማን ብለህ ትቆማለህ?»

አሚናት ቀና ብላ እጁን አየችና፣ «ኧረ ልቀቀው፣ ፈጀህ እኮ» አለችው። ያኔ ነው ያየው። የበራውን አምፖል በመዳፉ ጨብጦት ነበር፣ ቆዳው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ሲያላቅቀው አመመው። ሕመሙ ከመዳፉ ተነሥቶ ክንዱን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ደረቱ ጋ ሲደርስ የእጁ ሕመም መሆኑ ቀረ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ሽማግሌዎቹ ነገ በማለዳ እዚሁ ይምጡ» አለች፣ እጁን በነጠላዋ ጫፍ እየጠቀለለች። «እንዳልሰማ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ልጄ መርዶው ሳይነገርለት አይቅር።»

ሽቦውን ፈታ፣ ባትሪውን ወደ መኪናይቱ መለሰ። ማታ እንደ ልማዱ ከበር ወደ በር ዞረ። ሴቶቹ ክፍል በር ላይ ሲደርስ ቆመ። «አልጋችሁን...» አለ፤ የቀረው አልወጣለት አለ። በሽተኞቹ ጠበቁት። አንዷ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ማንም አልቀለደም።

«ይዘናል» አለች አሚናት ከመስኮቱ ሥር። «አጥፋው፣ ሀምዱ።»

ወደ ጓሮ ወርዶ አጠፋው። ወደ ቤቱ ግን አልሄደም፤ ባልታሰረው እጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ አልጋዋ ተመለሰ።